ልጃቸው አስተርጓሚ ለሆነችባቸው እናት የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «በዲቪ ከአዲስ አበባ መጥተን ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ መኖር ከጀመርን ዓመት ከሁለት ወር ሆነን። ባለቤቴ አገር ቤት የሁለተኛ ደረጃ የኬሚስትሪ መምህር ነበር፤ አሁን ሌሊት ፓርኪንግ ይሠራል። እኔ ባንክ እሠራ ነበር፤ አሁን በአረጋውያን መንከባከቢያ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት እስከ ምሽቱ አምስት ሰዓት ተኩል እሠራለሁ። ባለቤቴ ማታ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ሲወጣ እኔ እስክገባ የ12 ዓመቷ ልጄ የ6 ዓመት ወንድሟን ትጠብቃለች። ደብዳቤውን፣ ስልኩን፣ ሐኪሙን የምታስተረጉመውም እሷ ናት። ባለፈው ወር ሐኪሟ ጡቴ ላይ እብጠት አግኝታ ስትነግራት፣ ልጄ ‹ምንም የለም ብላለች› አለችኝ። ምርመራ ታዝዞልኝ መቅረቴን ያወቅሁት በኋላ በመጣ ደብዳቤ ነው። ከዚያ ወዲህ ልጄ ታኮርፈኛለች፤ ስቆጣት ‹አንቺ ምንም አይገባሽም› ትለኛለች። ትንሹ ደግሞ በአማርኛ ሳናግረው በእንግሊዝኛ ይመልስልኛል፤ አስተማሪውም ቤት ውስጥ እንግሊዝኛ እንድናወራው መክራናለች። ባለቤቴ ‹ልጅ ቢላላክ ምን አለበት? እኛም ተላልከን ነው ያደግነው› ይላል። ልጄን በድያታለሁ ወይ? ምንስ ላድርግ?»

የተከበሩ ጠያቂ፣

ያነሷቸው ነገሮች ሁሉ የተያያዙ ናቸው፤ አንዱ ግን ጊዜ የማይሰጥ ስለሆነ በእሱ ልጀምር። ነገ ጠዋት ክሊኒኩ እንደተከፈተ ይደውሉና ለታዘዘልዎ ምርመራ አዲስ ቀጠሮ ያስይዙ። ጡት ላይ የሚገኝ እብጠት በአብዛኛው ካንሰር ሆኖ አይገኝም፤ አለመሆኑ የሚረጋገጠው ግን በማሞግራም፣ በአልትራሳውንድ፣ ካስፈለገም ናሙና ተወስዶ ሲመረመር እንጂ ዝም ብሎ በመጠበቅ አይደለም። ሲደውሉ የሚያነሳው ሰው ወይም ማሽን ምንም ቢልዎ «አምሃሪክ ኢንተርፕሪተር፣ ፕሊስ» ይበሉና ስልኩን ሳይዘጉ ይጠብቁ። ትንሽ ሙዚቃ ከሰሙ በኋላ አማርኛ ተናጋሪ ሰው በመስመሩ ይገባል። ቀጠሮው ሲነገርዎ ሰዓቱ በእነሱ አቆጣጠር ይሁን በእኛ አስተርጓሚውን ደግመው ይጠይቁት፤ «ሦስት ሰዓት» ተብለው ጠዋት ሄደው ቀጠሯቸው ከሰዓት በኋላ ሆኖ ያገኙት፣ ወይም በተገላቢጦሹ ያለፈባቸው ሰዎች ጥቂት አይደሉም።

ይህን አገልግሎት መጠየቅ ውለታ መለመን አይደለም። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ1964 የወጣው የአሜሪካ የሲቪል መብቶች ሕግ፣ በተለምዶ «ታይትል ሲክስ» የሚባለው ክፍሉ፣ ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚያገኝ ተቋም ሰውን በትውልድ አገሩ ምክንያት እንዳያገልል ይከለክላል፤ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ1974 የሳን ፍራንሲስኮ ቻይናውያን ተማሪዎች ባቀረቡት ክስ፣ እንግሊዝኛ የማያውቅን ልጅ ያለ ምንም እርዳታ ክፍል ውስጥ ማስቀመጥ ይህንኑ ሕግ እንደሚጥስ ወስኗል። ለጤና ተቋማት ደግሞ ብዙ ሰው ኦባማኬር የሚለው የ2010 ሕግ አለ። በእሱ 1557ኛ ክፍል መሠረት የወጡት ደንቦች ብቁ አስተርጓሚ በነፃ እንዲቀርብ ከማዘዝ አልፈው፣ አፋጣኝ አደጋ ያለበት ድንገተኛ ሁኔታ ካልሆነ በቀር ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ እንዲያስተረጉም ማድረግን ይከለክላሉ። ስለዚህ ያን ወሬ በ12 ዓመት ልጅ አፍ ማስነገር የእርስዎ ጥፋት ከመባሉ በፊት የክሊኒኩ ጥፋት ነበር። ፕሬዚዳንት ክሊንተን በ2000 ስለ ቋንቋ አገልግሎት ያወጡት ትእዛዝ በማርች 2025 ፕሬዚዳንት ትራምፕ እንግሊዝኛን ይፋዊ ቋንቋ ባደረጉበት ትእዛዝ መሻሩን ሰምተው «አስተርጓሚ ቀረ» ብለው የሚደነግጡ ቤተሰቦች አሉ። የተሻረው የቀድሞው ፕሬዚዳንት ትእዛዝ ነው፤ ከላይ የጠቀስኳቸው ሕጎች በኮንግረስ የወጡ በመሆናቸው በዚያ ትእዛዝ አልተሻሩም። አስተርጓሚ መጠየቅ በግሪን ካርዳችሁም ሆነ ወደፊት በምታቀርቡት የዜግነት ማመልከቻ ላይ የሚያመጣው ነገር የለም።

መብቱን እያወቁ የማይጠቀሙበት እናቶችም ብዙ መሆናቸውን መናገር አለብኝ። «እዚህ አካባቢ አበሻው ሁሉ ይተዋወቃል፤ የጡቴ ነገር በሳምንቱ ቤተ ክርስቲያን ይደርሳል» ይላሉ። ሲልቨር ስፕሪንግን ለሚያውቅ ሰው ፍርሃቱ ከንቱ አይደለም። ሆኖም በስልክ የሚመጣው አስተርጓሚ ብዙ ጊዜ በሌላ ስቴት የሚገኝ ነው፤ ምስጢር የመጠበቅ ግዴታም አለበት፤ ድምፁን ካወቁት ወይም ካልተመቸዎ ሌላ ሰው፣ ሴት እንድትሆን ከፈለጉም ሴት እንዲቀርብልዎ መጠየቅ ይችላሉ። ሲነጋገሩ ዓይንዎ ሐኪሟ ላይ ይሁን፤ አንድ አንድ ሐሳብ ተናግረው ያቁሙ፤ ያልገባዎትን ቃል «ይህ በአማርኛ ምን ማለት ነው?» ብለው ያስቁሙ። ልጅዎን ግን እንዲህ ማስቆም አይችሉም ነበር፤ ምክንያቱን ቀጥሎ እነግርዎታለሁ።

በድያታለሁ ወይ ላሉት፣ በመጀመሪያ ባለቤትዎ ያነሱትን ነገር በክብር መመለስ ይገባኛል፤ እውነት አለበትና። በእኛ ዘንድ መላላክ የአስተዳደግ አንዱ ክፍል ነው። ልጅ ጎረቤት ተልኮ ወንፊት ያመጣል፣ ሱቅ ተልኮ ስኳር ይገዛል፣ «እደጊ፣ ተባረኪ» ተብሎ ይመረቃል፤ እየተላከ አፉን ይፈታል፣ ሰው ፊት መቆም ይለምዳል። ይህ መልካም ነው፤ ልጅዎም ለወንድሟ ወተት ብታቀርብ፣ መደብር ውስጥ የዕቃ ዋጋ ብትጠይቅ የሚጎዳት ነገር የለም። ነገር ግን ባለቤትዎ ካደጉበት ቤት ሌላ ልማድም ያስታውሱ። ትልልቅ ሰዎች ስለ ዕዳ፣ ስለ ሕመም፣ ስለ ባልና ሚስት ጠብ ሊነጋገሩ ሲቀመጡ ልጁ «ውጣና ተጫወት» ይባል ነበር። የተላከው ልጅ መልእክት ይዞ ይሮጣል እንጂ በምስጢሩ መካከል አይቀመጥም ነበር። እዚህ አገር የሆነው ግን የተገላቢጦሽ ነው፤ ልጅቷ በሐኪምና በእናት፣ በባለዕዳና በባለገንዘብ መካከል ተቀምጣ፣ ወላጆቹ እንደ ልጅ ደጅ ቀርተዋል። ባለቤትዎ መላላክ የሚሉትና ልጅዎ አሁን የምትሠራው ስማቸው ቢመሳሰልም አንድ ነገር አይደሉም።

አሁን ወደዚያ ቀን ልመለስ። ልጅዎ ዋሸችኝ ብለው የተቀየሙ ይመስላል። በእኔ ግምት አልዋሸችም፤ አቃታት። በካናዳ ብዙ የሠሩት የቋንቋ ተመራማሪ ጂም ከሚንስ ካስተማሩን ነገር ዋነኛው ይህ ነው፦ ስደተኛ ልጅ በአንድና ሁለት ዓመት ውስጥ የጨዋታውንና የመንገዱን እንግሊዝኛ አቀላጥፎ ይናገራል፤ የመማሪያ መጽሐፍንና የባለሙያን እንግሊዝኛ ለመያዝ ግን ከ5 እስከ 7 ዓመት ይፈጅበታል። ልጅዎ ከጓደኞቿ ጋር ስትስቅ ሲሰሙ «እንግሊዝኛ አለቀላት» ቢሉ አይፈረድብዎትም፤ ሐኪሟ የተናገረችውን ቃል ግን ከዚያ በፊት ሰምታው አታውቅ ይሆናል። በአማርኛም ቢሆን አዲስ አበባን የተሰናበተችው በ11 ዓመቷ ነው፤ «ዕጢ» ወይም «ናሙና» የሚሉትን ቃላት ከየት ታመጣለች? በሁለቱም ቋንቋ ቃል ያጣች ልጅ፣ የሐኪሟን ፊት አይታ ነገሩ ከባድ መሆኑን ብቻ ተረድታ፣ ለእናቷ ሞትን የማርዳት ያህል የሚያስፈራ ነገር ጉሮሮዋ ላይ ቆመ። ለትልቅ ሰው እንኳ መርዶ በሌሊት ዘመድ ተሰብስቦ በዘዴ በሚነገርበት ባህል ያደገች ልጅ «ምንም የለም» ብትል የተናገረችው ምኞቷን ነው። ከዚያ ወዲህ የሚያዩት ኩርፊያም ንቀት አይመስለኝም፤ ደብዳቤው መጥቶ «እናቴ በእኔ ምክንያት ሕክምና ቀረባት» የሚል ሐሳብ ይዟት ይሆናል። እንዲህ ያለውን ጭንቀት የዚህ ዕድሜ ልጅ ብዙውን ጊዜ በእንባ ሳይሆን በቁጣ ነው የምታወጣው።

ስለዚህ ሁለት ነገር ይንገሯት፤ ሁለቱንም በአማርኛ፣ ወንድሟ በሌለበት። አንደኛው፦ «ያን ቀን የሆነው ያንቺ ጥፋት አይደለም፤ ያ ሥራ የልጅ ሥራ አልነበረም፤ እኔም ክሊኒኩም ልንሰጥሽ አይገባም ነበር።» ወላጅ ልጁን ይቅርታ መጠየቅ በእኛ ቤት ያልተለመደ መሆኑን አውቃለሁ፤ ቃሉ ከከበደዎ «አይገባም ነበር» የሚለው ይበቃል። ሁለተኛው፦ «ቀጠሮ ይዣለሁ፤ በዚህ ቀን እሄዳለሁ፤ አስተርጓሚ ይኖራል።» ይህ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይበልጣል፤ ሸክሙ ከእሷ ትከሻ ወርዶ ሌላ ሰው እንደያዘው የምታውቀው በእሱ ነውና። ረጅም ምክር አይጨምሩበት። ዝም ብትል፣ ተነሥታ ብትሄድም ሰምታለች።

ቀጥሎ ደብዳቤዎቹ። እዚህ ላይ ትንሽ ጠንከር ብል ይቅርታ ያድርጉልኝ። ባለቤትዎ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነበሩ፤ በአገራችን ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርት የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው፤ ኬሚስትሪን ያስተማሩት በእንግሊዝኛ መጽሐፍ ነው ማለት ነው። እርስዎም ባንክ ሲሠሩ የሞሉት ቅጽ፣ የጻፉት ደብዳቤ አብዛኛው እንግሊዝኛ ሳይሆን አይቀርም። እናንተን የሚያስቸግራችሁ በስልክ በፍጥነት የሚነገረውን መስማትና ፈጥኖ መመለስ ነው፤ በወረቀት ላይ የተጻፈውን ግን በእርጋታ ከተቀመጣችሁበት ከ12 ዓመት ልጅ የተሻለ ትረዱታላችሁ። ታዲያ ለምን ለእሷ ይሰጣል? ስለደከማችሁ ነው፤ አንድም ደግሞ ከዩኒቨርሲቲ ተመርቆ ፓርኪንግ ውስጥ የሚያድር ሰው ከጊዜ በኋላ የሚያውቀውንም እንደማያውቅ መቁጠር ስለሚጀምር ነው። ሁለታችሁም ከሥራ ነፃ የምትሆኑበትን አንድ ቀን ለዩ፤ የሳምንቱን ደብዳቤ በሙሉ አንድ ካርቶን ውስጥ አጠራቅማችሁ፣ ቡና አፍልታችሁ፣ ባለቤትዎ ያንብቡት። የአማርኛ መተርጎሚያ ያለው የስልክ መተግበሪያ የማስታወቂያ ወረቀትን ከእውነተኛ ደብዳቤ ለመለየት ያገለግላል፤ የሚፈረምበትን ነገር ግን በእሱ ተማምናችሁ አትፈርሙ። ከኢሚግሬሽን፣ ከትምህርት ቤት፣ ከኢንሹራንስና ከቤት አከራይ የሚመጣው ወረቀት ቅድሚያ ይሰጠው። ልጅዎ መጥታ «እኔ ላንብበው» ብትል «አባትሽ ይዞታል» ይበሏት።

ይህን ስል ዓላማዬ የወረቀት ሥራ ማከፋፈል ብቻ አይደለም። «አንቺ ምንም አይገባሽም» የሚለው ቃል የመጣው ከዚሁ ነው። አንድ ዓመት ሙሉ ወላጆቿ ሳይገባቸው ሲቀር በዓይኗ ያየች ልጅ፣ አይገባችሁም ብትል ያየችውን መናገሯ ነው። ቃሉ መቀጣት ያለበት ስድብ መስሎ ቢሰማዎትም በቁጣ አይመለስም፤ የሚመለሰው ሲገባዎት በማየቷ ነው። አባቷ ኬሚስትሪ ያውቃሉ፤ ልጅቷ ሚድል ስኩል ናት፣ ሳይንስና ሒሳብ ትማራለች። በእረፍት ቀናቸው ግማሽ ሰዓት አጠገቧ ተቀምጠው የቤት ሥራዋን ቢያዩ፣ የአነጋገራቸው ቅላጼ ምንም ቢሆን አቶምና ሞለኪውል ያው ናቸው። አባቷ ከእሷ አስተማሪ እኩል የሚያውቁት ነገር መኖሩን በዚያ ጠረጴዛ ላይ ታያለች። ለእሳቸውም ቢሆን ከማንኛውም ማበረታቻ ይልቅ ይህ ይጠቅማቸዋል ብዬ አስባለሁ።

አሁን ስላልጠየቁኝ ነገር ልናገር፤ ዝም ብዬ ባልፈው ሥራዬን አልሠራሁም። የሜሪላንድ ሕግ ከ8 ዓመት በታች የሆነን ልጅ ቢያንስ 13 ዓመት የሞላው አስተማማኝ ሰው ሳይኖር ቤት ውስጥ ትቶ መሄድን ይከለክላል። ልጅዎ 12 ናት፤ ባለቤትዎ ከወጡበት እርስዎ እስከሚገቡበት ያለው ሁለት ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚሆን ጊዜ ታዲያ ከሕጉ ውጭ ነው። ልጁ ተኝቶ መሆኑ ነገሩን አይለውጠውም። አገር ቤት ቢሆን ግቢው ውስጥ አከራይዋ፣ ጎረቤቷ፣ ዘበኛው አሉ፤ «ልጆቹን አደራ» ብሎ መውጣት ይቻላል፤ ልጅቷ ብቻዋን የምትጠብቀው ነገር አልነበረም። እዚህ ግን አፓርታማው በሩ ከተዘጋ ማንም የለም። ወንድሟ ክፍል ውስጥ «ማታ እኔና እህቴ ብቻችንን ነን» ቢል፣ መምህራን ልጅ ችላ ተብሏል ብለው ከጠረጠሩ የማሳወቅ ሕጋዊ ግዴታ ስላለባቸው፣ አስተማሪዋ ለእናንተ በጎ ብታስብም ዝም ማለት አትችልም፤ የልጆች ጥበቃ መሥሪያ ቤት ሊመጣ ይችላል። ይህን የምለው ላስፈራራዎት ሳይሆን ነገሩ በቀላሉ የሚዘጋ ቀዳዳ ስለሆነ ነው። ከሦስት አንዱን ያድርጉ፦ ባለቤትዎ የሥራ መግቢያቸውን እርስዎ ቤት እስኪገቡ ድረስ እንዲያዘገዩላቸው ይጠይቁ፤ ወይም እርስዎ ወደ ጠዋቱ ሺፍት ይዛወሩ፤ አለዚያም እዚያው ሕንፃ ውስጥ የምታምኗትን አንዲት እናት እየከፈላችሁ ወይም ውለታዋን በሌላ ቀን ልጆቿን በመጠበቅ እየመለሳችሁ ያን ጊዜ እንድትሸፍንላችሁ አድርጉ። ስቴቱ ገቢያቸው አነስተኛ ለሆኑ ሠራተኛ ወላጆች የልጅ መንከባከቢያ ወጪ የሚደጉምበት «ቻይልድ ኬር ስኮላርሺፕ» የሚባል ፕሮግራም አለው፤ ማመልከቱ ይጠቅማል፤ ውጤቱን ሲጠብቁ ግን ቀዳዳው ተከፍቶ አይቆይ። ልጅዎ በሚቀጥለው ዓመት 13 ስትሆን ሕጉ ይፈቅድላታል፤ ያኔም ቢሆን በየሌሊቱ ባይሆን እመርጣለሁ፤ የ13 ዓመት ልጅ ጠዋት ትምህርት ቤት አላት።

ወደ ትንሹ ልንመጣ ነው፤ በእሱ ጉዳይ ላይ ሰፋ አድርጌ መናገር እወዳለሁ፤ ምክንያቱም ብዙ ወላጆች በአማርኛው ነገር ላይ የሚሳሳቱት በፍቅር ማነስ ሳይሆን ትኩረታቸውን የተሳሳተ ቦታ ላይ በማድረግ ነው።

በመጀመሪያ የአስተማሪዋን ምክር በሚመለከት፦ ያን ምክር ያስተረጎመችልዎ ማን ናት? ልጅዎ ከሆነች፣ አስተማሪዋ በትክክል ያንን ማለቷን እርግጠኛ መሆን አንችልም። «ቤት ውስጥ ቢነበብለት ጥሩ ነው» ያለችው «እንግሊዝኛ አውሩት» ሆኖ ደርሶ ሊሆን ይችላል። ሲልቨር ስፕሪንግ የሚገኝበት የሞንትጎመሪ ካውንቲ ትምህርት ቤቶች ዋና ዋና ሰነዶቻቸውን በአማርኛ ያወጣሉ፤ ለወላጅና መምህር ስብሰባም አስተርጓሚ ይጠየቃል፤ ቀድመው ለትምህርት ቤቱ ቢሮ ያሳውቁና በሚቀጥለው ስብሰባ ራስዎ ይጠይቋት። በእርግጥ እንግሊዝኛ አውሩት ብላ ከሆነ ግን ምክሯ ቅን ቢሆንም አይከተሉት። ልጅ ከወላጁ የሚያስፈልገው ሙሉ ቋንቋ ነው፤ ምክንያት የሚያስረዳ፣ የሚቀልድ፣ የሚያባብል፣ የሚተርክ። እርስዎ ይህን ሁሉ የሚችሉት በአማርኛ ነው። በተሰባበረ እንግሊዝኛ የሚያደርጉለት ንግግር እንግሊዝኛውን አያሻሽልለትም፤ እሱን ከትምህርት ቤት ያገኘዋል። ሁለት ቋንቋ መስማት ልጅን ያደናግራል፣ አፉንም ያዘገያል የሚለው አባባልም በጥናት ያልተደገፈ ነው፤ ሲቀላቅል ቢሰሙትም በሁለት ቋንቋ የሚያድግ ልጅ ሁሉ የሚያደርገው ነው።

ታዲያ ለምን በእንግሊዝኛ ይመልስልዎታል? አንድ ነገር ይሞክሩ። አንድ ቀን ሙሉ ለልጁ በአማርኛ የሚናገሩትን ቃል ልብ ብለው ይያዙት። ካነጋገርኳቸው ቤተሰቦች የሰማሁት ዝርዝር ብዙ ጊዜ ይህን ይመስላል፦ ተነሣ፣ ታጠብ፣ ብላ፣ ፍጠን፣ ጫማህን አድርግ፣ ዝም በል አባትህ ተኝቷል፣ አትንካ፣ ተኛ። ሁሉም ትእዛዝ ነው። ከዚህ ሌላ በአማርኛ የሚሰማው በባልና ሚስት መካከል የሚነገረው የቤት ኪራይ፣ የመኪናው ኢንሹራንስ፣ አገር ቤት የሚላከው ገንዘብ ነው። ካርቱኑ፣ ኳሱ፣ ሳቁ፣ ጓደኛው፣ ከእህቱ ጋር በሹክሹክታ የሚያወራው ምስጢር ደግሞ በእንግሊዝኛ ነው። የ6 ዓመት ልጅ እንዲህ ከፋፍሎ አያስብም፤ ግን ደስታ የት እንዳለ ያውቃል። እህቱ በአማርኛ ስታስተረጉም ስትጨነቅም አይቷታል፤ አማርኛ የሚያውቅ ልጅ ሥራ እንደሚበዛበት የተማረ ይመስለኛል። ስለዚህ በአማርኛ መልስ ብሎ ማስገደድ አንድ ትእዛዝ መጨመር ብቻ ነው። በእንግሊዝኛ ሲመልስ ተረድቶ ነው የመለሰው፤ እርስዎ ንግግርዎን በአማርኛ ይቀጥሉ፣ እሱ ያለውን በአማርኛ እያስተካከሉ ይድገሙለት፣ «አልሰማሁህም» ብለው አያስመስሉ።

አማርኛው ደስታ ያለበት ቋንቋ እንዲሆን ግን በቀን ሩብ ሰዓት ይበቃል። ባለቤትዎ ሥራ ከመሄዳቸው በፊት ልጁን የሚያስተኙት እሳቸው ከሆኑ ሩብ ሰዓቱን ለተረት ያድርጉት፤ «ተረት ተረት» ሲባል «የላም በረት» የሚለውን መመለስ ልጅ በሁለት ማታ ይይዘዋል፤ ጥንቸሏና ጅቡም ለካርቱን እጅ አይሰጡም። እንቆቅልሽም ይጫወቱ፤ መልሱን ያላወቀ «አገር ስጠኝ» ስለሚባል፣ እዚህ ያደጉ ልጆች ሜሪላንድን እንዳለች አንሥተው ሲሰጡ፣ ቨርጂኒያን ሲመርቁባት ሰምቻለሁ። እሑድ ጠዋት ከአያቱ ጋር በቪዲዮ ያገናኙት፤ እዚህ በእኛ አቆጣጠር ሦስት ሰዓት ሲሆን አዲስ አበባ እንደ ወቅቱ አሥር ወይም አሥራ አንድ ሰዓት ስለሚሆን ለሁለቱም ወገን ይመቻል። «ለአያትህ ሰላም በል» ብለው ስልኩን አፉ ላይ አይደቅኑበት፤ የሠራውን ነገር፣ የወለቀ ጥርሱን ያሳያት። አያቱ እንግሊዝኛ አለማወቃቸው እዚህ ላይ ሀብት ነው፤ በአማርኛ መናገር ምክንያት የሚኖረው ከእሳቸው ጋር ነው። አንቱታውንም ከእሳቸው ጋር ሲያወራ ይማረዋል፤ በእንግሊዝኛ አንተና አንቱ አንድ ቃል ስለሆኑ ከቤት ውጭ የትም አያገኘውም።

ፊደሉን በሚመለከት፣ አገር ቤት እያለ ስላልቆጠረ ከባዶ ነው የሚጀምረው። 33ቱን ፊደላት ከነ7 ዘራቸው ግድግዳ ላይ ለጥፎ 231ዱን በቃል ማስወጣት አገር ቤት አገልግሏል፤ በሳምንት አንድ ቀን ለሚማር ልጅ ግን ያሰለቸዋል። ከስሙ ፊደላት ይጀምሩ፤ ቀጥሎ የእህቱ ስም፣ ቀጥሎ ወደ አበሻ መደብር ሲሄዱ የሚይዙት ዝርዝር፦ ሽሮ፣ በርበሬ፣ ቡና። ጽፎት የመጣው ዕቃ ተገዝቶ ሲያየው መጻፍ ምን እንደሚሠራ ይገባዋል። ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ወይም እሑድ በየአብያተ ክርስቲያናቱና በማኅበረሰብ ማዕከላት የሚሰጠው የአማርኛ ትምህርት ይከብደው ይሆናል፣ ግን እንግዳ አይሆንበትም። እህቱ ማንበብ ስለምትችል እሷን አስተማሪው ለማድረግ ይከጅልዎ ይሆናል፤ እባክዎ ይተዉት። ባሉባት ሥራዎች ላይ ሌላ ሥራ ይጨመርባታል።

በእህትና በወንድም መካከል ያለውን እንግሊዝኛ አይከልክሉ፤ የሁለቱ መጫወቻ ነው፣ ብትከለክሉትም በሹክሹክታ ይቀጥላል።

እርስዎም እንግሊዝኛውን መስማት የሚለማመዱበት ነገር ይፈልጉ። ሞንትጎመሪ ኮሌጅ ለአዋቂዎች የእንግሊዝኛ ትምህርት ይሰጣል፤ የጠዋቱ ክፍል ከሺፍትዎ ጋር ሊጣጣም ይችላል። በዚህ ዓመት ካልቻሉ በሚቀጥለው ይሁን፤ ሁለት ልጅና የአረጋውያን እንክብካቤ ሥራ ይዘው «ሰነፍኩ» ብለው እንዳይከፉ።

በልጅዎ ላይ እንቅልፍ ማጣት፣ ከምግብ መራቅ፣ የትምህርት ውጤት በድንገት መውረድ፣ ወይም «ብሞት ይሻለኛል» የሚል ንግግር ካዩ ግን እኔ የጻፍኩትን ከመሞከር አስቀድመው የትምህርት ቤቷን ካውንስለር በአስተርጓሚ ያነጋግሩ። ይህ «አብዳለች» ማለት አይደለም፤ በስሟ ላይም የሚቀር ነገር የለም።

የምርመራው ቀን ሲደርስ ልጅዎ አብሬ ልሂድ ትል ይሆናል፤ ከክፋት ሳይሆን ከእሷ ሌላ ማን ይሰማልሻል ብላ ስለምትሰጋ ነው። ቀጠሮውን በትምህርት ሰዓት ያድርጉትና ባለቤትዎ አብረዎት ይሂዱ። ትምህርት በሌለበት ቀን ከዋለም ትምጣ፤ ግን መጠበቂያው ክፍል ውስጥ መጽሐፏን ይዛ ትቀመጥ፣ ወደ ውስጥ አትግባ። ሲወጡ ሐኪሟ ያለችውን ለልጅዎ የሚነግሯት እርስዎ ይሁኑ፤ በአማርኛ፣ ለዕድሜዋ በሚበቃት መጠን፣ ደህና ከሆነ ደህና ነው ብለው፣ ሌላ ምርመራ ከቀረም «አንድ ምርመራ ቀርቶኛል፤ በዚህ ቀን ነው፤ አባትሽ ይወስደኛል» ብለው።